ሞት ሳይረጋገጥ የወጣ ውሃ

(ሐምሌ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤ ጎርፍ ድልድዩን ከነውሃ ቧንቧው ጠርጎ በወሰደ በሦስተኛው ቀን፣ ከወንዙ ወዲህ ተቆርጦ በቀረው ሰፈር የእድር መጋዘን ውስጥ፣ የእድሩ ዳኛ አቶ ልሳነወርቅ ወረቀት፣ የዕቃ ቤት ኃላፊዋ ትርንጎ ደግሞ ጣሳ ይዘው ተፋጠዋል፤ ደጁ ላይ ሰው ጀሪካን ይዞ ተሰልፏል።)

ልሳነወርቅ፦ ጣሳውን አስቀምጪና ስሚኝ። በር ላይ ከመለጠፌ በፊት ላንቺ ማንበብ ግዴታዬ ነው። «ለእድራችን አባላት በሙሉ። ዛሬ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የእድሩ ጥሩምባ ሦስት ጊዜ መነፋቱ ይታወቃል። ኮሚቴው ባደረገው ጥልቅ ማጣራት፣ በተባለው ሰዓትም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ ከአባላቱ መካከል ማንም ሰው አለመሞቱን ሲያሳውቅ ከፍ ያለ ኃዘን ይሰማዋል።»

ትርንጎ፦ ባለመሞታችን ነው ያዘናችሁት?

ልሳነወርቅ፦ በጥሩምባው ነው ያዘንነው።

ትርንጎ፦ አጻጻፉ እንደዚያ አይልም። ይኼን ያነበበ ሰው ኮሚቴውን ይቅርታ ጠይቆ ሊሞትላችሁ ይችላል።

ልሳነወርቅ፦ አርባ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የጻፍኩ ሰው ነኝ፤ አጻጻፍ አታስተምሪኝም። ደግሞ አላበቃሁም። «ስለሆነም የዕቃ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ ትርንጎ ይመኑ የመጋዘኑን ቁልፍ ከዛሬ ጀምሮ ለእድሩ ዳኛ እንድታስረክብ…»

ትርንጎ፦ ጋሼ ልሳኑ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ በርሜሉን ተደግፈውታል። ቀጣይ! ለአንድ ቤት አሥር ሊትር ነው፤ ከአሥር በላይ የለም!

ልሳነወርቅ፦ እኔ እያነበብኩ ትቀጃለሽ?

ትርንጎ፦ የምሰማው በጆሮዬ ነው፤ ጣሳው አይሰማም። ይቀጥሉ።

ልሳነወርቅ፦ ለመሆኑ በዚህ ሰፈር ሴት ልጅ የእድር ጥሩምባ ስትነፋ ታይቶ ያውቃል?

ትርንጎ፦ ነፊው ጋሽ ዘለቀ ቅዳሜ ልጃቸውን ሊጠይቁ ተሻግረው እዚያው ማዶ ቀሩ። ጥሩምባው ግን እዚህ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ሰውን ለውሃ ለመጥራት የሚያስፈልገው ሳንባ ነው፤ ሳንባ ደግሞ አለኝ።

ልሳነወርቅ፦ ሕዝብ አስደነገጥሽ! ወይዘሮ ፈለቀች ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ወረደች። ማን እንደሞተ እንኳ ሳታውቅ!

ትርንጎ፦ እሷስ ቆርጣ ነበር የመጣችው። ጋሽ ምትኩን ነበር የምታለቅሰው። «ወንድሜ ምትኩ፣ ደጉ ምትኩ» እያለች።

ልሳነወርቅ፦ ምትኩ እኮ አጠገቧ ቆሞ ነበር!

ትርንጎ፦ ነበሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው እስክትጨርስ ጠበቋት። ከዚያ «እህቴ፣ ስድስት ልጅ ማሳደጌን ዘለልሽው» አሏት።

ልሳነወርቅ፦ አያስቅም።

ትርንጎ፦ እሷም ጨመረችላቸው። አምሮባቸው ነው የሄዱት። ለመሆኑ እርስዎ ማን የሞተ መስሎዎት ነው የመጡት?

ልሳነወርቅ፦ ምን አገባሽ?

ትርንጎ፦ ካፖርትዎን ገልብጠው ነዋ የለበሱት። አሁንም እንደገለበጡት ነው።

ልሳነወርቅ፦ ጥሩምባው ከዚህ ከመጋዘኑ በኩል ነው የተሰማው። እዚህ ጓዳ ውስጥ የምታድሪው ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ። ሰው ምን ያስብ?

ትርንጎ፦ እኔ የሞትኩ መስሎዎት ነው?

ልሳነወርቅ፦ ሰው ነው ያልኩት። እኔ አላልኩም።

ትርንጎ፦ አለቀሱልኝ?

ልሳነወርቅ፦ ዝናብ ነበር።

ትርንጎ፦ ዛሬ ጠዋት አልዘነበም።

ልሳነወርቅ፦ ቁልፉን አምጪ!

ትርንጎ፦ ቁልፉ በሩ ላይ ነው፤ በሩ ደግሞ ክፍት ነው፤ ሰው ደግሞ ተሰልፏል። ከየቱ ልጀምርልዎት?

ልሳነወርቅ፦ ከደንቡ ጀምሪ። አንቀጽ አሥራ አራት ምን ይላል?

ትርንጎ፦ እርስዎ ይበሉት፤ በእርስዎ አፍ ነው የሚያምረው።

ልሳነወርቅ፦ «ማንኛውም የእድሩ ንብረት ከመጋዘን የሚወጣው የአባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሞት ሲረጋገጥ ብቻ ነው።» ሲረጋገጥ ነው የሚለው!

ትርንጎ፦ አንድ ሐሙስ የቀረውስ?

ልሳነወርቅ፦ ደንባችን ውስጥ አንድ ሐሙስ የቀረው የሚባል ምድብ የለም። ሰው ወይ ሞቷል፣ ወይ መዋጮ ይከፍላል።

ትርንጎ፦ እየከፈለ ይጠማ ነው የሚሉኝ?

ልሳነወርቅ፦ ይኼ እድር ነው እንጂ የውሃ ቦኖ አይደለም።

ትርንጎ፦ ቦኖውማ ድልድዩን ተከትሎ ሄደ። ቀጣይ! ጀሪካኑን ቀና አድርጊው እህቴ፣ እየፈሰሰብን ነው።

ልሳነወርቅ፦ ትንሽ ታገሺ ነው የምልሽ። ውሃ የጫነ ቦቴ እንደሚላክልን ከበላይ አካል በስልክ ተነግሮኛል።

ትርንጎ፦ እሰይ። በየት በኩል ይመጣል?

ልሳነወርቅ፦ በ… በዋናው መንገድ።

ትርንጎ፦ በድልድዩ?

ልሳነወርቅ፦ ዝርዝሩን አልነገሩኝም።

ትርንጎ፦ ሲዋኝ ካዩት ይጥሩኝ።

ልሳነወርቅ፦ ቀልድሽን ተይና እነዚህን ድስቶች አስረጂኝ! የለቅሶ ጎላ ድስት፣ ሰው ሳይሞት፣ ውሃ ተሞልቶ ሲቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? አፉን ከፍቶ እየጠበቀን ነው ማለት ነው!

ትርንጎ፦ ክዳን አለው ጋሼ።

ልሳነወርቅ፦ ሟርት ነው! ሞት መጥራት ነው! ከመቼ ጀምሮ ነው የሞላሻቸው?

ትርንጎ፦ ከመስከረም። አምስቱን በርሜልም፣ ሁለቱን ድስትም። በየአሥራ አምስት ቀኑ እደፋዋለሁ፣ አጥቤ እንደገና እሞላዋለሁ። የደፋሁትን ጎመኑ ይጠጣዋል።

ልሳነወርቅ፦ ይኸው እንግዲህ! ከመስከረም ወዲህ ሁለት ሰው ቀብረናል!

ትርንጎ፦ አንደኛው አባ ተድላ ናቸው፤ ዘጠና አራት ዓመታቸው ነበር። ሁለተኛው ጠጥቶ ከዛፍ ላይ ወደቀ። የጠጣው ደግሞ የኔን ውሃ አልነበረም።

ልሳነወርቅ፦ ለሁሉም ነገር መልስ አለሽ። ያ ጥግ ላይ ያለው ማዳበሪያ ምንድን ነው?

ትርንጎ፦ ድርቆሽ።

ልሳነወርቅ፦ የማን እንጀራ ነው?

ትርንጎ፦ የለቅሶ። ለቀስተኛ ሦስት ቀን ተቀምጦ የማይጨርሰው እንጀራ ሻግቶ ነበር የሚጣለው። እሱን እየሰበሰብኩ አደረቅኩት።

ልሳነወርቅ፦ የት ነው ያደረቅሽው?

ትርንጎ፦ ፀሐይ ላይ።

ልሳነወርቅ፦ ፀሐይ ላይ ለሚሰጣ ነገር ከሥሩ አንድ ነገር ይነጠፍለታል። ምን አነጠፍሽ?

ትርንጎ፦ ድንኳኑን።

ልሳነወርቅ፦ የእድሩን ድንኳን?!

ትርንጎ፦ ከሌላ ከማን ድንኳን ላመጣ? እሱም ታጥፎ ከመሻገት አረፈ። በአባ ተድላ ለቅሶ ላይ «ዘንድሮ ድንኳኑ አይሸትም» ብለው ያመሰገኑኝ እርስዎ ነዎት።

ልሳነወርቅ፦ ምስጋናዬን መልሼ ወስጃለሁ። ሌላ ምን አለ? ሁሉንም ዘርዝሪ፤ እመዘግባለሁ።

ትርንጎ፦ ይመዝግቡ። በሶ አለ። ሻማ አለ፤ ክብሪቱ እንዳይርስ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ከሰል አለ፣ ከእንጨቱ ጀርባ ነው። ራዲዮ ከነባትሪ ድንጋዩ፤ ድንጋዩን አውጥቼ ለብቻው ነው ያስቀመጥኩት፣ ራዲዮው ውስጥ ከቆየ ይፈሳል። ለተቅማጥ የሚበጠበጠው ዱቄት፣ ጤና ጣቢያ ለምኜ ያመጣሁት። የቁስል ማሰሪያ። አንድ ፊሽካ።

ልሳነወርቅ፦ ፊሽካው ደግሞ ለምንድን ነው?

ትርንጎ፦ ጥሩምባ ሲከለከል።

ልሳነወርቅ፦ እየቀለድሽ አይደለም፤ ንቀሽኛል። ሻማው ከየት መጣ?

ትርንጎ፦ ሴቶቹ ሰጡኝ። እያንዳንዷ አንድ አንድ። ሚስትዎ ሁለት።

ልሳነወርቅ፦ ሙላቷ? የኔ ሙላቷ?

ትርንጎ፦ «ለሱ አትንገሪው፣ ሟርት ነው ይላል» ብላ።

ልሳነወርቅ፦ ከገዛ ቤቴ ሻማ ወጥቶ! እኔ ሁለት ሌሊት ሙሉ በጨለማ ጉልበቴን ከሳጥን ጋር ሳላትም!

ትርንጎ፦ መጥተው ቢጠይቁኝ እሰጥዎት ነበር።

ልሳነወርቅ፦ ሞት ሳይረጋገጥ?

ትርንጎ፦ ለጉልበት ደንብ የለንም።

ልሳነወርቅ፦ እሺ፤ ሰው ካሰበ በየቤቱ ማስቀመጥ ይችላል። አንድ ጀሪካን በየጓዳው ማስቀመጥ ማንን ገደለ? ለምን የእድሩን ዕቃ ትነኪያለሽ?

ትርንጎ፦ በየቤቱ ዞሬያለሁ እኮ! «ክረምት ሲገባ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ አንድ ሻማ፣ አንድ ክብሪት፣ ትንሽ በሶ ከአልጋ ሥር አድርጉ» እያልኩ። ወይዘሮ ፈለቀች ሦስት ጊዜ አማተበችብኝ። ጋሽ ምትኩ «እኛ የፈሪ ዘር አይደለንም» አሉኝ። የስብሰባው ዕለት ደግሞ እጄን አውጥቼ ስናገር «አታሟርቺብን፣ ተቀመጪ!» ያለኝ ማን ነው?

ልሳነወርቅ፦ አጀንዳው ላይ አልነበረም።

ትርንጎ፦ ጎርፉም አጀንዳ አላስያዘም።

ልሳነወርቅ፦ ትርንጎ፣ ምን ነክቶሽ ነው? ሃያ ዓመት ማንኪያ ስትቆጥሪ፣ ሰሐን ስታጥቢ ድምፅሽ የማይሰማ ሴት ነበርሽ። በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ያበጥሽው?

ትርንጎ፦ ያውቁታል።

ልሳነወርቅ፦ አላውቅም።

ትርንጎ፦ እማማ ጌጤን ያውቃሉ።

ልሳነወርቅ፦ ነፍሳቸውን ይማር። እሳቸውን እዚህ ነገር ውስጥ አታስገቢ።

ትርንጎ፦ እሳቸው ናቸው ያስገቡኝ። አምና ነሐሴ ድልድዩ የተሰነጠቀ ጊዜ፣ ቧንቧው ተዘግቶ አራት ቀን ቆየን። ጉልበት ያለው ማዶ ተሻግሮ እየቀዳ መጣ። እማማ ጌጤ ልጅ የላቸው፣ የሚላላክ የላቸው። ወርደው ከወንዙ ቀዱና ጠጡ። ያን ድፍርስ ውሃ። ከዚያ ተቅማጥ ያዛቸው።

ልሳነወርቅ፦ ዕድሜም ነበራቸው።

ትርንጎ፦ ጥማትም ነበራቸው።

ልሳነወርቅ፦ እድሩ ግዴታውን ተወጥቷል።

ትርንጎ፦ እንዴታ! እድሩማ አኮራ። ጋሽ ዘለቀ ነፉ፤ ድንኳኑ ተተከለ፤ አርባ ወንድ ድልድዩ ላይ ተሰልፎ በባልዲ እየተቀባበለ እነዚህን አምስት በርሜሎች ግጥም አድርጎ ሞላ። ለንፍሮ፣ ለሻይ፣ ለእጅ መታጠቢያ ሳይቀር ተረፈ። በሕይወት ሳሉ አንድ ጣሳ ያጡ ሴትዮ፣ ሲሞቱ አምስት በርሜል ውሃ አገኙ። እኔ ነኝ ብርጭቆውን ያጠብኩት። በንጹሕ ውሃ። እያጠብኩ በርሜሉን አየዋለሁ፣ አስከሬናቸውን አየዋለሁ።

ልሳነወርቅ፦ ደንቡ ነው…

ትርንጎ፦ ከመሞታቸው ሁለት ቀን በፊት እኮ እርስዎ ቤት መጥቼ ነበር።

ልሳነወርቅ፦ ድምፅሽን ቀንሺ።

ትርንጎ፦ «በጽሑፍ አምጪ» አሉኝ፤ በጽሑፍ አመጣሁ። «ወንዶቹ ተሰልፈው በእድሩ በርሜል ውሃ ያምጡና ለአቅመ ደካሞች ይታደል» ነው የሚለው። ግርጌው ላይ «ሞት ስላልተረጋገጠ አልተፈቀደም» ብለው ጻፉበት። ፈረሙ። ማኅተም አደረጉበት።

ልሳነወርቅ፦ ድምፅሽን ቀንሺ አልኩሽ እኮ! ደጁ ላይ ሰው አለ።

ትርንጎ፦ ቀነስኩ።

ልሳነወርቅ፦ ወረቀቱ የት ነው ያለው?

ትርንጎ፦ እኔ ዘንድ።

ልሳነወርቅ፦ ለማን አሳየሽው?

ትርንጎ፦ ለማንም።

ልሳነወርቅ፦ ለጸሐፊው ለዳምጠውስ? እሱ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚወድ ታውቂያለሽ። የኔን ወንበር ከተመኘ ስንት ዓመቱ!

ትርንጎ፦ ለማንም ነው ያልኩዎት።

ልሳነወርቅ፦ ዓመት ሙሉ? በስብሰባ መሀል ስገስጽሽ፣ «አንቺ ዝም በይ» ስልሽ፣ አንድ ቀን እንኳ ከፍተሽ ልታሳዪ አላማረሽም?

ትርንጎ፦ አማረኝ እንጂ። ብዙ ቀን አማረኝ። ግን ወረቀት አይጠጣም ጋሼ። ባሳየው እርስዎን ያዋርዳል እንጂ አንድ በርሜል አይሞላልኝም። እኔ የፈለግኩት በርሜሉ እንዲሞላ ነበር።

ልሳነወርቅ፦ ቅጂላቸው፤ ሰዎቹ ቆመዋል።

ትርንጎ፦ ቀጣይ! እንደምን አደሩ እትዬ፤ ያምጡት። ክዳኑንም ይክደኑት፣ መንገድ ላይ አይድፉት። … ጋሼ፣ ኪስዎ ውስጥ ምን ተወትፎ ነው እንዲህ የተነፋው?

ልሳነወርቅ፦ የቱ ኪስ?

ትርንጎ፦ የካፖርትዎ። ገልብጠው ስለለበሱት ኪሱ ወደ ውጭ ወጥቷል።

ልሳነወርቅ፦ ሃይላንድ ነው።

ትርንጎ፦ ባዶ?

ልሳነወርቅ፦ ጠበል ልቀዳበት ነው የያዝኩት።

ትርንጎ፦ ጠበሉ እኮ ከድልድዩ ማዶ ነው።

ልሳነወርቅ፦ ድልድዩ ሲሠራ እቀዳበታለሁ።

ትርንጎ፦ እትዬ ሙላቷ ናት የላከችዎት?

ልሳነወርቅ፦ ሙላቷ ጠዋት የደም ግፊት ክኒኗን በጠላ ነው የዋጠችው። ከዚያ በኋላ የተናገረችኝን እዚህ ሰው መሀል አልደግመውም።

ትርንጎ፦ ያምጡት ልሙላልዎት።

ልሳነወርቅ፦ ቁልፍ ልነጥቅሽ መጥቼ ውሃ ቀድቼ ልመለስ? ምን የሚሉት ሰው ነው?

ትርንጎ፦ የተጠማ ሰው ይሉታል። ቀድሞ መንጠቅ ካለብዎት ይንጠቁኝና እቀዳልዎታለሁ።

ልሳነወርቅ፦ ስሚኝ ትርንጎ፤ አሁን ያለ ቀልድ ስሚኝ። ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። አራታችን ቁልፉ ይነጠቅ ብለን ፈርመናል። ዳምጠው በዚህ አያበቃም፤ እሁድ ጉባኤው ላይ ከእድሩ ትሰረዝ ሊል ነው። መሰረዝ ምን እንደሆነ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ይኼ ጓዳ ይለቀቃል። ብትታመሚ የሚጠይቅሽ፣ ብትሞቺ የሚቀብርሽ አይኖርም። ወንድም የለሽ፣ እህት የለሽ፤ ከዚህ እድር ሌላ ማን አለሽ?

ትርንጎ፦ ማንም።

ልሳነወርቅ፦ እንግዲያውስ ይኸው፣ መውጫ አዘጋጅቼልሻለሁ። ሌሊት ሳስብበት አደርኩ ማለት አልችልም፣ ጠዋት ስመጣ መንገድ ላይ ነው የጻፍኩት። «ጥሩምባውን የነፋሁት በስሕተት ነው፤ ሁለተኛ አይለመደኝም» ይላል። እዚህ ላይ ብቻ ፈርሚ። ቁልፉ አንቺው ዘንድ ይቆያል፤ የእሁዱን ነገር እኔ እይዘዋለሁ።

ትርንጎ፦ ውሃውስ?

ልሳነወርቅ፦ ውሃውን «ደፋችው» እንላለን። ማታ ማታ ቀስ እያልሽ ታድያለሽ፤ እኔም አላየሁም።

ትርንጎ፦ አልፈርምም።

ልሳነወርቅ፦ አንዲት መስመር ናት!

ትርንጎ፦ በስሕተት አልነፋሁማ። ሰው በስሕተት ቢነፋ አንድ ጊዜ ነው የሚነፋው፤ እኔ ሦስት ጊዜ ነው የነፋሁት። ሦስተኛውን እንዲያውም አሳምሬ ነው የነፋሁት።

ልሳነወርቅ፦ ኩራት ነው ይኼ። ደረቅ ኩራት!

ትርንጎ፦ ይሁን። ግን እኔ ዛሬ ከፈረምኩ፣ ነገ ይኼን መጋዘን የሚረከበው ሰው ያንን ወረቀት ያገኘዋል። ውሃ ሞልቶ መጠበቅ ስሕተት እንደሆነ፣ ሻማ ማስቀመጥ ስሕተት እንደሆነ፣ ሰው ሳይሞት ሰው መጥራት ስሕተት እንደሆነ በጽሑፍ ይማራል። በርሜሎቹን ገልብጦ ያስቀምጣቸዋል። ከዚያ አንዱ ክረምት ይመጣል፤ አንዷ አሮጊት ወደ ወንዙ ትወርዳለች፤ እኛም በማይሸት ድንኳን አሳምረን እንቀብራታለን። ለዚህ አልፈርምም። ይኸው ቁልፉ።

ልሳነወርቅ፦ ምን እያደረግሽ ነው?

ትርንጎ፦ እየሰጠሁዎት። ይያዙት። ሊወስዱት አይደል የመጡት? ግን መቆለፉን እርስዎ ይቆልፉት። በሩ ላይ ይውጡና እነዚያን ሰዎች «ሂዱ፣ ስትሞቱ ተመለሱ» ይበሏቸው። እኔ ያንን ቃል ከአፌ አላወጣም።

ልሳነወርቅ፦ ስንት ቤት ቀረ?

ትርንጎ፦ ሠላሳ ስድስት። ከአልጋ የማይነሱ ሰባት ደግሞ በየቤታቸው አሉ። የነሱን ጋሽ ምትኩ ላደርስ ብለዋል።

ልሳነወርቅ፦ ምትኩ? የፈሪ ዘር ያልሆነው?

ትርንጎ፦ ራሳቸው። ጠዋት ለተለቀሰለት ሰው እንዴት ያለ ጉልበት አላቸው መሰለዎት! ሁለት ጀሪካን አንድ ላይ ነው የሚያነሱት።

ልሳነወርቅ፦ ውሃውስ ይበቃል?

ትርንጎ፦ ዛሬን ይበቃል፤ ለነገ ጠዋትም ሁለት በርሜል ይተርፋል። ከነገ ወዲያ ያለውን አላውቅም። የዝናቡን ውሃ ለማጠራቀም ድንኳኑን ልወጥረው አስቤያለሁ። አሁን ግን ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ነው፤ እርስዎ ያስቡበት።

ልሳነወርቅ፦ ድንኳኑን? ለዝናብ?

ትርንጎ፦ በአራት ቋሚ ዘርግተን መሀሉን ብናረግበው በአንድ ዶፍ ሁለት በርሜል ይሞላል። … ጋሼ፣ አቶ ዳምጠው እየመጡ ነው።

ልሳነወርቅ፦ የታለ?

ትርንጎ፦ ከሰልፉ ጫፍ። መዝገቡን ታቅፈዋል። ሰልፉን ጥሰው ነው የሚመጡት፤ ሰዉም እየጮኸባቸው ነው።

ልሳነወርቅ፦ ቁልፉን ያዢ።

ትርንጎ፦ ሰጠሁዎት እኮ።

ልሳነወርቅ፦ ያዢ ነው የምልሽ! የመጋዘን ቁልፍ የሚቀመጠው በዕቃ ቤት ኃላፊ እጅ ነው፤ አንቀጽ ዘጠኝ።

ትርንጎ፦ ማስታወቂያውስ? ይለጠፍ?

ልሳነወርቅ፦ ከሰል አቀጣጥይበት።

ትርንጎ፦ ጋሼ… ምን ሊሏቸው ነው? ስለ ወረቀቱ ብለው ከሆነ እኔ እንኳ…

ልሳነወርቅ፦ አንቺ ዝም ብለሽ ቅጂ። ዳምጠው! እዚያው ቁም፤ ከዚያ ሆነህ ትሰማኛለህ። ሰዉም ይስማኝ። መዝገቡን ግለጥና ጻፍ። ዛሬ ጠዋት ጥሩምባውን ያስነፋሁት እኔ ነኝ።

ትርንጎ፦ ጋሼ!

ልሳነወርቅ፦ መጋዘኑንም ያስከፈትኩት፣ ውሃውንም ያሳደልኩት እኔ ነኝ። እሷ የታዘዘችውን ነው የሠራችው። ጻፍከው? … አዎ፣ እኔ ልሳነወርቅ፣ የእድሩ ዳኛ። … አዎ፣ ሞት ሳይረጋገጥ። … ምን አልክ? ምክንያቱን? ለእሁድ ማብራሪያ? … እንግዲያው ይኼንንም ጨምረህ ጻፍ ዳምጠው፦ ምክንያቴን ለማንም አልናገርም። አራት ነጥብ።